ዳገቱ ላይ ያልበራው መብራት

ሾፌሩን ከገደሉ ሲያወጡት ቀኝ እግሩ ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው ተገትሮ ደርቆ ነበር። መርማሪዋ ይህን ከአስከሬን አንሺዎቹ ሰምታ ወደ ጋራዡ መጣች። እንቅልፍ ካየች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏታል። ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል፣ ጥያቄዋ ስለማያባራ። ዛሬ ግን «ለምን» ማለቱ ራሱ ደከማት።

የሆነው ይህ ነው። የጫነ የናፍታ መኪና ማክሰኞ ዕለት ዳገት እኩሌታ ላይ ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘ፤ ዝናብ ያራሰው አስፋልት ግን ያን ሁሉ ጭነት አልያዘለትም። መኪናው እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ወርዶ ገደል ገባ።

የጋራዡ በር ላይ የሟች ልጅ ቆማ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አባቴን የገደለው ባሌ ነው?»

ባሏ የመኪና ኤሌትሪሻን ነው። ከሁለት ወር በፊት በአማቱ መኪና ላይ አንዲት ቀይ መብራት ገጠመ፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ናፍታ ግፊቱ ሲያንስ በርታ ሾፌሩን እንድታስጠነቅቅ። ማክሰኞ አልበራችም። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ በሙሉ ጣቱን የሚቀስረው በእሱ ላይ ነው፤ እሱም ከትናንት ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ነው።

«ዛሬ እነግርሻለሁ» አለች መርማሪዋ። «ከፖሊስ ጋር እየመጣ ነው። አንቺም ግቢ።»

በመጀመሪያ የስምሪት ኃላፊውን አናገረች። ሰውየው ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ እስክሪብቶ ይነክሳል።

«ያቺ መብራት ከገባች ወዲህ ምን ሥራ አለ! በራች፣ ይቆማል። በራች፣ ይቆማል።»

«ሰኞስ?»

«በራች። ‹ካልተስተካከለ ንቅንቅ አልልም› አለ ሾፌሩ። እኔም ለዋናው መካኒክ ነገርኩት፤ ጭነቱ ማክሰኞ መውጣት አለበት አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅ፤ እኔ ብሎንና ሚስማር አልለይም።»

ዋናው መካኒክ ዓይኑ ደም መስሏል። ከሟች ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል።

«የናፍታ ማጣሪያው ፊልትሮ በቆሻሻ ተደፍኖ ነበር፤ ቀየርኩት» አለ። «ማክሰኞ ጠዋት መብራቷን እሱው ራሱ ሞከራት። ቁልፉን ሲያዞር በራች፣ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች። ደንቡ ነው።»

«በየቀኑ ይሞክራታል?»

«እሷን ሳያይማ ማርሽ አይነካም!»

ኤሌትሪሻኑን ፖሊስ ይዞት ገባ። ሚስቱን ሲያያት አንገቱን ደፋ፤ እሷም ወደ እሱ አልሄደችም።

«እንዲህ ያለ መብራት ሌላ መኪና ላይ ገጥመሃል?» አለችው መርማሪዋ።

«እነዚያ ሁለቱ ላይ። ክዳኑን ከፍተው ይዩት፣ ምናለ!»

እያነከሰች ሄዳ አየች። ወደ መብራቷ የሚሄዱትን የሁለቱንም መኪናዎች ሽቦዎች በጣቷ ሳብ ሳብ አደረገቻቸው። ከዚያ ከገደል ተጎትቶ ጋራዡ ወደ መጣው መኪና ሄዳ ብዙ አጎነበሰች። ቀና ስትል ወገቧን ይዛ «ውይ!» አለች፤ አራቱንም ወደ ፍርስራሹ ጠራቻቸው።

«ፊልትሮውን ፍታው» አለችው ኤሌትሪሻኑን። ፈታው። ውስጡ ጥቁር ጭቃ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ ሰኞ የተቀየረ ነው?»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

«እንግዲህ ስሙኝ፣ ቆሜ ብዙ ማውራት አልችልም። ናፍታ በአንድ በኩል ፊልትሮው ውስጥ ይገባል፣ ተጣርቶ በሌላው ይወጣል። ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር በእነዚያ ሁለት መኪናዎች መውጫው ላይ ነው። ፊልትሮው ሲደፈን መውጫው ላይ ግፊቱ ይወርዳል፣ መብራቷ ትበራለች። እዚህ ግን መግቢያው ላይ ነው ያለው። ፓምፑ በዚያ በኩል ሁልጊዜ እየገፋ ስለሆነ ፊልትሮው ድንጋይ ቢሆንም መብራቷ አትበራም፤ ሞተሩ ግን ናፍታ አጥቶ ይጠፋል። የመውጫው ቀዳዳ በብሎን ተደፍኗል፤ የመፍቻው ጭረት ገና ያብለጨልጫል።»

«እሱ መጀመሪያውኑ ተሳስቶ ገጥሞት ቢሆንስ?» አለ የስምሪት ኃላፊው።

«ታዲያ ሰኞ እንዴት በራች? በራች ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከሰኞ በኋላ ነው የተዛወረው። ማን አዛወረው? እርስዎ ቢሆኑ ሽቦዋን ይበጥሷት ነበር። ያኔ ጠዋት ቁልፍ ሲዞር አትበራም፣ ሾፌሩም ይነቃል። ይህ ልጅ ደግሞ ሽቦ ሲዘረጋ ተርፎት እንዲንጠለጠል ይተዋል፤ ቢያዛውረው ኖሮ ሽቦውን ቀጥሎ ያረዝመው ነበር። ይኸኛው እንደ ክራር ተወጥሯል። ያዛወረው ሰው የናፍታውን መንገድ ያውቃል፣ የሟችን የጠዋት ልማድ ያውቃል፣ ሽቦ ግን አያውቅም።» ወደ መካኒኩ ዞረች። «ለምን፣ ጋሼ?»

መካኒኩ የወደቀ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«መጋዘን ፊልትሮ የለም። ሐሙስ ይመጣል አሉ። ይሄ ደግሞ በየሰዓቱ ‹ወጣ? ወጣ?› እያለ ይደውላል። ደክሞኝ ነበር፣ እትዬ፤ አራት ቀን እዚሁ ነው ያደርኩት። አንድ ጉዞ ምን ይለዋል አልኩ። ከሾፌሩ ጋር መከራከርም ታከተኝ።»

«እኔ አስተካክለው እንጂ አታልለው አላልኩም!» አለ የስምሪት ኃላፊው።

«ፊልትሮ እንደሌለ ያውቁ ነበር?»

የስምሪት ኃላፊው እስክሪብቶውን ወደ አፉ መለሰ።

«እርስዎም ይመጣሉ» አለችው። ለፖሊሱም ምልክት ሰጠች፤ ኤሌትሪሻኑ ተለቀቀ።

ልጅቷ ባሏ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ ክንዱን በሁለት እጇ ያዘችው። ማልቀስ ጀምራ ነበር። መካኒኩን ይዘውት ሲያልፉ ግን መንገዱን ዘጋችበት።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ጠዋት መብራቷ ስትጠፋለት አባቴ ምን አለ?»

«ተይኝ፣ ልጄ።»

«ምን አለ?»

«መረቀኝ» አለ መካኒኩ። «‹እጅህን ቁርጥማት አይንካው› አለኝ።»