ክዳኑ ስንት ጊዜ ተከፈተ

በአዲስ ወንጂ አየር የሚታደለው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ተረኛው ላፕቶፑን ብብቱ ሥር ይዞ ወደ ሳንባው ክፍል ይወርዳል። ገመዱን ይሰካል። ዛሬ ስንት ሰው እንደሚተነፍስ ይጽፋል። የተወለደ ካለ ይደመራል፤ የሞተ ካለ ይቀነሳል። ሳንባ የሚሉት ከበረዶው ኦክስጅን እየለየ ለቤቶቹ የሚያከፋፍለውን ማሽን ነው። ቁጥሩ ካልተነገረው ስድስት ሰዓት ይጠብቅና ራሱን ይቆልፋል። ሠሪዎቹ እንዲህ ያደረጉት ሰው ለሌለበት ቤት አየር እንዳይባክን ብለው ነው።

መንደሩ ያለው ካሊስቶ በምትባለው የጁፒተር ጨረቃ ውስጥ፣ ከበረዶው ሁለት መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ይኖርበታል። መጀመሪያ የመጡት ብዙዎቹ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ስለነበሩ የአገራቸውን ስም ይዘው መጡ። እድራቸውንም ይዘው መጡ። የእድሩ ዕቃ በአንድ ክፍል ይቀመጣል፤ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ሳህን፣ ላፕቶፑም እዚያው። ቁልፉ የዕቃ ጠባቂው የአቶ ሸዋቀና ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ብዙ አያወሩም።

ላፕቶፑ ሌላም ሥራ አለው። የእድሩ አባል ሁሉ በሕይወት ሳለ ድምፁን እዚያ ያስቀምጣል። ሲሞት፣ በሰልስቱ፣ ለቅሶተኛው ተሰብስቦ ድምፁን አንድ ጊዜ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ይዘጋል። በደንቡ የተዘጋ ድምፅ ዳግመኛ አይከፈትም። ደንቡን ያወጡት የእድሩ ዳኛ ወይዘሮ ፋንታዬ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ልጇ የሞተባት አንዲት እናት ከላፕቶፑ አጠገብ አልነሳም ብላ፣ እህል ውኃ ሳትቀምስ ሰነበተችና ለሞት ደርሳ ነበር። ደንቡ የወጣው ያኔ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ተረኛዋ መሐንዲስ ኦብሴ ነበረች። የክዳኑ የቀኝ ጥግ ሲነሳ ስለሚጮህ፣ እንደ ልማዷ በግራ ጥጉ በኩል ጥፍሯን አስገብታ ቀስ ብላ አነሳችው። ጨለማ ነው። ዘጋችና ደግማ ከፈተችው። ያው ጨለማ ነው።

ወደ ዕቃ ክፍሉ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ ሸዋቀና፣ ሞተ።»

«ማን?»

«ላፕቶፑ ነዋ!»

«ሐኪም ሳያየው?»

«ጋሼ፣ ቀልድ አይደለም። ሳንባው ሰባት ሰዓት ላይ ይቆለፋል።»

ሽማግሌው ላፕቶፑን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መዳፋቸውን ከሆዱ ሥር አደረጉ። ይሞቃል። ጆሯቸውን አስጠጉ። ማራገቢያው ይዞራል።

«ሙት አይሞቅም» አሉ።

የአቅርቦት መርከቧ ከመጣች ሁለት ቀን ሆኗታል። በሃያ ሁለት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው። አሮጌውን ትወስዳለች፣ አዲስ ትሰጣለች፤ አንዱን ባንዱ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ትነሳለች። ላፕቶፑ እንደሚቀየር አስቀድሞ ተወስኗል። የትኛው እንደሚወሰድም ኦብሴ ካጠናች በኋላ ተቆርጧል። የቀረው መረካከብ ብቻ ነበር።

የመርከቧ ዕቃ ቤት ኃላፊ ዳውድ ሁለት ሣጥን ተሸክሞ ሲገባ ወይዘሮ ፋንታዬ ተከትለውት ገቡ። ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዳውድ ሣጥኖቹን ከፈተ።

አንዱ ትልቅ ነው፤ አሥራ ስምንት ኢንች። አራት ኪሎ ይመዝናል። ሚሞሪው የሌላውን ስምንት እጥፍ ነው። አንጎል የሚሉት ማሰቢያ ክፍሉም በዚያው ልክ ፈጣን ነው። ሁለተኛው አሥራ ሦስት ኢንች ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ከሥሩ አምስት ብሎን ይታያል።

«ትልቁን ነው የተስማማነው» አለች ኦብሴ። «ፕሮግራም በየዓመቱ ይከብዳል። ዛሬ የበቃ ሚሞሪ ከአሥር ዓመት በኋላ አይበቃም። ሃያ ሁለት ዓመት የሚያኖረን ይሄ ነው።»

«ጎበዝ ልጅ» አለ ዳውድ። «ሁሉም እሱን ነው የሚወስደው። ግን የድሮው ዲስክ በዚህ አይገባም። የሳንባውን ፕሮግራም በገመድ መገልበጥ ነው። አራት ሰዓት ይፈጃል።»

ኦብሴ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ሁለት ሰዓት ከሩብ ይላል። «ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጀመር አለብን ማለት ነው። ያለዚያ ሳንባው ይቀድመናል።»

«ድምፆቹስ?» አሉ አቶ ሸዋቀና።

«ዝግ ናቸው፣ ማንም አይከፍታቸውም» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ። «ከአሮጌው ጋር ይሄዳሉ። በስብሰባ ተወስኗል።»

ዳውድ አሮጌውን ሊያይ እጁን ዘረጋና ክዳኑን መሀሉ ላይ ይዞ አነሳው። ክዳኑ እንደታመመ ሰው ጮኸ። ኦብሴ ዘወር ብላ በሩን አየች። ወይዘሮ ፋንታዬም በሩን አዩ። አቶ ሸዋቀና ሁለቱን አዩ።

«ምነው?» አለ ዳውድ።

«ምንም» አሉ አቶ ሸዋቀና። ከኪሳቸው ካቻቢቴ አወጡ። «ሳልከፍተው አልሰጥም።»

«አቶ ሸዋቀና፣ ጊዜ የለንም» አሉ ዳኛዋ።

«ምን እንደገደለው ሳላውቅ፣ የማይሞተውን እንዴት ልምረጥ?»

ብሎኖቹን አንድ በአንድ አወጡ፤ በረድፍ ደረደሩ። ካቻቢቴው አይስትም። ኦብሴ ቆማ ሰዓቱን ታያለች። ወደ ሳንባው በሚወስደው ቧንቧ በኩል የሚሰማው ድምፅ ዛሬ ቀጠን ብሏል። ሳንባው ቁጥሩን እስኪሰማ የሚሠራው በግማሽ ኃይሉ ነው።

«አንጎሉ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሚሞሪውም ደህና ነው። ነይ እዪ።»

የቀኝ ማጠፊያው ተሰንጥቋል። በማጠፊያው ውስጥ ወደ ስክሪኑ የሚያልፈው እንደ ጥብጣብ ያለ ስስ ሽቦ በክር ብቻ ተይዟል። አቶ ሸዋቀና ሁለቱን ጫፍ በጣቶቻቸው አገናኙ። ስክሪኑ ብልጭ አለና በራ።

ኦብሴ ዘለለች። «ይያዙት! ወደ ታች ወስደን—»

«ደረጃ ላይ ይበጠሳል። እዚሁ የሥራውን መዝገብ አውጪልኝ። ቶሎ።»

ኦብሴ ጻፈች። ስክሪኑ እየጠፋ እየበራ ረድፎቹን አወጣ።

«አንጎሉ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እጅግ ሠራ ቢባል ስንት ነው?»

«ከመቶ...» ኦብሴ ቀረብ ብላ አየች። «ስድስት።»

«ክዳኑስ? ስንት ጊዜ ተከፈተ?»

ጣቷ ቁጥሩ ላይ ቆመ።

«አንብቢው።»

«ስልሳ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

ሽቦው ጧ አለ። ስክሪኑ ጨለመ፤ ዳግመኛ አልበራም።

ወይዘሮ ፋንታዬ የእድሩን መዝገብ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነበር። «ውሸት ነው» አሉ። «በቀን አንዴ ነው የሚከፈተው። እዚህ በየቀኑ ተፈርሟል። በሃያ ሁለት ዓመት ስምንት ሺህ ቢሆን ነው። ለቅሶው ቢጨመርም፣ እሱ ሁሉ ተደምሮ መቶ አይሞላም።»

«ማሽን ለማን ብሎ ይዋሻል?» አለ ዳውድ።

«አንተ ዝም በል!»

አቶ ሸዋቀና ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። «አንዱ እኔ ነኝ» አሉ።

ሁሉም ዞሩ።

«ስንቅነሽ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍታለሁ። ‹ሸዋ፣ ካልሲህን አውልቀህ ተኛ› የምትለዋን ብቻ እሰማለሁ። እዘጋለሁ።»

ኦብሴ ፊቷ ቀላ። «እንግዲያው ለዚህ ነው! ትንሹን ፈልገው ነው። ዲስኩ እዚያ ይገባላ! ለእማማ ስንቅነሽ ድምፅ ብለው የሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አየር—»

«ለሷም ነው» አሉ ሽማግሌው። «አልክድም። አሁን ቁጠሪ። በሳምንት አንዴ፣ አሥራ አንድ ዓመት። ስድስት መቶ አይሞላም። የቀረውን ሃምሳ ሺህ ማን ከፈተው?»

ቧንቧው በቀጭኑ ይተነፍሳል። ሰዓቱ ለሦስት ሃያ ጉዳይ ይላል።

«ይሄን በር የምቆልፈው ማታ ስሄድ ነው» ብለው ቀጠሉ። «ምሳ ስበላ አይቆለፍም። ስመለስ ወንበሩ ቦታውን ለቆ አገኘዋለሁ። አልጠየቅሁም። እኔም ብጠየቅ አልወድም ነበር።» ወደ ዳውድ ዞሩ። «የትልቁ ማጠፊያ ስንት ጊዜ ይችላል?»

ዳውድ ከሣጥኑ ላይ አነበበ። «ሃያ ሺህ።»

«በመዝገባችን ብንሄድ?»

«ከሃምሳ ዓመት በላይ ይበቃችኋል።»

«በዚህ በተሰበረው ብንሄድስ?»

ዳውድ በጣቶቹ አሰላ። «ሰባት ዓመት።»

«ሲሰበር ይቀየራል?»

«በማስቲሽ የታሸገ ነው አባቴ። አይከፈትም።»

«የትንሹስ?»

«እሱም ያው ሃያ ሺህ ነው። ግን አምስት ብሎን ፈትተው፣ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ትርፍ ማጠፊያ ይዛችኋል?»

ዳውድ ሳቀ። «ሠላሳ ዓመት በየጨረቃው ስዞር ሚሞሪ የጠየቀኝ አለ፣ አንጎል የጠየቀኝ አለ። ማጠፊያ ብሎ የጠየቀኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። አለ፤ አንድ ካርቶን ሙሉ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል።»

ኦብሴ ግን አልተረታችም። «ጋሼ፣ ደንቡ ቢከበርስ? ከዛሬ ጀምሮ በቀን አንዴ ብቻ ቢከፈት ትልቁ ይበልጣል። ማጠፊያው ሃምሳ ዓመት ይሄዳል፣ አንጎሉም አያረጅም። ጥፋቱ የኛ ነው እንጂ የማሽኑ አይደለም።»

«ልክ ነሽ» አሉ። «ደንቡ ከተከበረ ትልቁ ነው የሚሻለው። ይከበራል ወይ? ይህን የሚመልሱት ዳኛዋ ናቸው።»

ወይዘሮ ፋንታዬ ቀና አላሉም። ትልቁን ቢወስዱ መዝገባቸው እውነት ሆኖ ይቀራል። ትንሹን ቢወስዱ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ፊርማ ሐሰት መሆኑን፣ ደንባቸውም አንድ ቀን እንኳ እንዳልተከበረ አገር ያውቃል። ሰዓቱ ለሦስት ስምንት ጉዳይ ሆነ።

«ገመዱን ልሰካ?» አለች ኦብሴ። «አሁን ካልጀመርኩ አይደርስም።»

ወይዘሮ ፋንታዬ ተነሱ። ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። በሥራው መሀል የተከደነውን የአሮጌውን ክዳን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩት ይመስላል፣ እጃቸውን ዘረጉ። ዳኛ ስለሆኑ ከተረኝነት ነፃ ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ላፕቶፑን ወደ ሳንባው አውርደው አያውቁም። በግራ ጥጉ በኩል ጥፍራቸውን አስገቡ። ቀስ አድርገው አነሱት። አልጮኸም።

ኦብሴ አየች። አቶ ሸዋቀናም አዩ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ብሎኖቹ መለሱ።

የወይዘሮ ፋንታዬ እጅ ክዳኑ ላይ እንዳለ ቆመ። በአራተኛው ዓመት የሞተ ይትባረክ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው።

«ትንሹን ስጠን» አሉ ዳውድን፣ ሳይዞሩ። «ካርቶኑንም ከነአቧራው አምጣው።»

አቶ ሸዋቀና ዲስኩን ከአሮጌው አውጥተው ትንሹ ውስጥ ሰኩት። ስክሪኑ በራ፤ ‹ዲስክ የለም› አለ። ሽማግሌው ዲስኩን መልሰው አወጡት፣ ጫፉን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉት፣ እንደገና ሰኩት። ጠበቁ። የሳንባው ገጽ ወጣ።

ደረጃውን አብረው ወረዱ። ኦብሴ አዲሱን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛዋለች። መሀል ላይ ቆም አለች።

«አባቴ እሁድ እሁድ ነው» አለች። «ተረኛ ስሆን ደግሞ ሳንባውን ከመንገሬ በፊት።»

«ደረጃውን እዪ» አሏት።

ገመዱን ሰካች። ሁለት መቶ አሥራ አራት ብላ ጻፈች። ቀይ መብራቱ እንዳለ ቆየ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። በሦስተኛው ማሽኑ ከጥልቁ አጓራ፤ ነፋሱ በቧንቧው ሁሉ ሞልቶ ወጣ፤ የኦብሴን ፀጉር በተነው። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

መርከቧ በሰዓቷ ሄደች። አሮጌውን አካል ወሰደች። ዳውድ ሲሰናበት፣ «በሚቀጥሉት መንደሮችም ስለ ክዳኑ ልጠይቃቸው እስቲ» አለ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ፋንታዬ አዲስ መዝገብ አምጥተው ለአቶ ሸዋቀና ሰጡ። ‹የተከፈተበት ምክንያት› የሚለው ዓምድ በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ስለ ደንቡ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ዕቃ ክፍሉ ግን ከዚያ ወዲህ አይቆለፍም። ከላፕቶፑ ፊት አንድ አግዳሚ ተቀምጧል። ሰው ሲበዛ ተራ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል።

አቶ ሸዋቀና የመጀመሪያውን ትርፍ ማጠፊያ አውጥተው መሳቢያቸው ውስጥ አዘጋጅተዋል። ክዳኑ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ቁጥሩን በየቅዳሜው ያያሉ። በፊት ከነበረው እጥፍ ሆኗል።

አዲሱ ክዳን በየትኛውም በኩል ቢነሳ አይጮህም። ለሁሉም ነግረዋቸዋል። ሁሉም ግን እስካሁን በግራ ጥጉ በኩል፣ ቀስ ብለው ነው የሚያነሱት።