የአስካል ግራ ዓይን

እኔ እንደሆንሁ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም፣ ሰው «ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ» ሲለኝ «ጠላው ነው» እያልሁ የማሾፍ ሰው ነበርሁ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ አድባራት ስንት ዓመት ሙሉ ሰይጣንን በገዛ እጄ ስስለው ኖሬ አንድ ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም፣ እና ወዳጄ፣ የምነግርህን የፈሪ ወሬ አታድርገው።

ባለፈው ክረምት፣ የጃንሆይ ልደት በተከበረ ማግስት፣ ጎረቤታችን ሚስተር ራዎ፣ የተማሪ ቤቱ ህንዳዊ አስተማሪ፣ ለእረፍት አገሩ ሊሄድ ሲል አንድ የጨርቅ ሥዕል ጠቅልሎ አመጣልኝ። እናቱ ስትጸልይበት የኖረችው ነው፣ መካከሉ ላይ ሰማያዊ አምላካቸው ቆሟል፣ ከእግሩ ሥር ላሞች፣ በግራና በቀኙ ሁለት ሴቶች ወደ እሱ ዞረው። ጣራው አፍስሶ ዳር ዳሩን ውሃ በልቶታል። «አለቃ፣ ዳሩን ብቻ ያድሱልኝ፣ ፊታቸውን እንዳይነኩ፣ አደራ» አለኝ፣ እሺ አልሁ።

ነገር ግን ሴቶቹ በጎን ነው የተሣሉት፣ አንድ አንድ ዓይን ብቻ። እኛ ዘንድ ደግሞ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል፣ በጎን በአንድ ዓይን የሚሣል ሰይጣንና ይሁዳ ነው፣ ከአባቴ የተማርሁት ይህንኑ ነው፣ እጄም ሌላ አያውቅም፣ ባየኋቸው ቁጥር አላስችል አለኝ። ባለቤቴ አስካል «የሰው አደራ ነው፣ ተው አንተ ሰውዬ» ብትለኝ «የሚጸልዩ ሴቶች እንዴት ይሁዳን ይምሰሉ? ሁለተኛውን ዓይን ብሞላላቸው ጽድቅ ነው» አልኋት። በደግ ልብ ነበር፣ እመነኝ።

በቀትር፣ በረዶ ጥሎ ካባራ በኋላ፣ አስካልን በሩ ላይ ወደ ብርሃን አቆምሁና፣ የእሷን ግራ ዓይን እያየሁ በግራ በኩል ለቆመችው ሴት የጎደላትን ሣልሁላት። ቅንድቡን ስጨርስ አጠገባችን ላም ስታመሰኳ ሰማን፣ ቀስ ብላ፣ ጥርሷ እስኪሰማ፣ የእኛ ላሞች እኮ መስክ ናቸው። አስካል «ማነው ላም ያስገባ?» ብላ ዞረች፣ ማንም የለም፣ ድምፁ ከጨርቁ በኩል ነው፣ ጠጋ ስል ዝም አለ። ቀና ብዬ ሳይ ፊት ለፊት እንዲያይ አድርጌ የሣልሁት ዓይን ብሌኑ ወደ አምላኩ ዞሯል። እጄ ስቶ ይሆናል ብዬ ላርመው ብሩሼን ሳነሣ አስካል «ግራ ጎኔ ጨለመብኝ» አለች።

ጠበል ወሰድኋት፣ ሐኪም ቤት ወሰድኋት፣ ሐኪሙ «ዓይኑ ደኅና ነው» አለ። ሥዕሉን ልፍቀው ካራ ባነሣ እጄን ይዛ «እኔን ልትፍቀኝ ነው?» አለችኝ፣ ተውሁት።

መስከረም ላይ ሚስተር ራዎ ተመልሶ ጨርቁን አየና ቁጭ አለ። «አለቃ፣ ያ ዓይን እኮ የጎደለ አልነበረም፣ በማይታየው በኩል አምላካችንን የሚያይ ነበር» አለኝ፣ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የአስካልን ነገር ስነግረው «የሚስትዎን ዓይን ይዤ ወዴት እሄዳለሁ?» ብሎ ጨርቁን ትቶልን ወጣ።

አሁን አስካል ቀኑን ሙሉ ከጨርቁ ፊት ትቀመጣለች፣ ደኅናውን ዓይን በመዳፏ ሸፍና። «ምን ይታይሻል?» ስላት «ላሞቹ እየገቡ ነው» ትለኛለች፣ ደስ ብሏት፣ «እኔስ?» ስላት «አንተማ የለህበትም» ትላለች። ይህ ነው የገደለኝ።

ትናንት ደግሞ ቀኝ ዓይኗን ደጋግማ ስታሽ አየኋት። ሄጄ ጨርቁን ባየው በቀኝ በኩል በቆመችው ሴት ግንባር ላይ ቀጭን የሁለተኛ ቅንድብ መሥመር ተነድፏል። ብሩሾቼን ከነሐሴ ጀምሮ ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ፣ ቁልፉም ይኸው አንገቴ ላይ ነው።