የወላጅ ፈቃድ

ይሄ ታሪክ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ሰው የማሳመን አቅሙም የለኝም።

ጨለማ ለምትጠብቁ ይቅርታ። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም፣ በር ሲጥ አላለም። ማክሰኞ ነበር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ አርፋ የላፕቶፑን ስክሪን አላሳይ ስላለችኝ መጋረጃውን ግማሽ ድረስ የጎተትኩት እኔው ራሴ ነኝ።

እናታችን ከሞተች ሁለት ወር አልፏል። በሳንባ ካንሰር ነው የሞተችው።

አላለቅስም ነበር። ሰው ሁሉ "ጠንካራ ነሽ" ይለኛል... ጥንካሬ አልነበረም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ መንጋጋ ታውቃላችሁ አይደል? ስትነኩት አለ፣ ግን የናንተ አይደለም። እኔ ሙሉ ሰውነቴ እንደዚያ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ሳል ጀመረኝ።

ሦስት ሳምንት ሳልኩ። ሰኞ ዕለት ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ምርመራ ቤቱ የሳንባዬን ምስል በሊንክ ላከልኝ። "ሲዲ መስጠት ካቆምን ቆየን፤ ዳውንሎድ አድርጊና በፍላሽ ለሐኪሙ ውሰጂለት" አለችኝ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ። ፋይሉ ከባድ ነው፣ በስልክ አይከፈትም። ሐኪሙ ደግሞ የቀጠረኝ ለማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በማግስቱ ለአራት ወር ከአገር ይወጣል።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ፋይል ማውረድ። የእናቴ በሽታ እኔም ጋ መኖር አለመኖሩን ማወቅ።

ላፕቶፑ አዲስ ነው። የድሮው ሲቃጠልብኝ ወንድሜ ነው ገዝቶ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ አስተካክሎ ያመጣልኝ።

ሊንኩን ነካሁት።

"ይህ ፋይል ታግዷል።"

ደግሜ ነካሁት።

"ይህ ፋይል ታግዷል።"

ሱቁ ውስጥ ላስተካከለው ባለሙያ ደወልኩ። ሰፈሩ "ሪስታርት" ነው የሚለው፤ ላፕቶፕ በእሳት ቢያያዝም የመጀመሪያ ምክሩ ያው ስለሆነ።

"ሪስታርት አደረግሽው እህቴ?"

"ሁለቴ።"

"በሌላ ብሮውዘር ሞክሪው።"

ሞከርኩ። ታግዷል።

"አንቲቫይረሱን ለአምስት ደቂቃ አጥፊው።"

አጠፋሁት። ታግዷል።

"ቀንና ሰዓቱ ትክክል ነው? ዲስኩ ላይስ ቦታ አለ?"

"ሰዓቱ ትክክል ነው። ዲስኩ ገና ሰው ያልገባበት ቤት ነው።"

ከኋላው ሌላ ደንበኛ ስለ ቻርጀር ሲጨቃጨቅ ይሰማኛል።

"እስቲ ሌላ ነገር አውርጂ። ትንሽ ነገር።"

የሥራ ፋይል ነበረኝ። የተማሪ መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት ስህተት የምለቅም አራሚ ነኝ፤ የአራተኛ ክፍል ሳይንስ ምዕራፍ ሁለት ተልኮልኛል። ነካሁት።

"ፈቃድ እየተጠየቀ ነው..."

ሃያ ሰከንድ ያህል ቆየ።

"ተፈቅዷል።"

ወረደ።

"ፈቃድ ተጠይቋል፣ ተፈቅዷል አለኝ" አልኩት።

"ማን ነው የፈቀደው?"

"አንተን ልጠይቅ እንጂ።"

በስልክ እየመራ ሴቲንግ ውስጥ አስገባኝ። ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ከዚያ "ቤተሰብ" የሚለው ላይ። ስሜ ወጣ። ከስሜ ሥር... ዕድሜ፣ ዘጠኝ ዓመት።

ሪስታርት አፈረ። ሲያስተካክል ቸኩሎ የትውልድ ዓመቴን እንዳመጣለት ሞልቶት ኖሯል። ላፕቶፑ ሕፃን መስዬው፣ የማወርደውን ሁሉ መጀመሪያ ወላጄን ይጠይቅ ነበር።

"ወላጅ የሚለው ላይ ማን ነው ያለው?"

ወረድ አድርጌ አየሁ።

"እማዬ" ይላል። ከጎኑ ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ።

"አረንጓዴ ከሆነማ አሁን ኦንላይን ናቸው። ደውይላቸውና ይፍቀዱልሽ፣ አንድ ቁልፍ መንካት ነው" አለኝ። ደስ ብሎታል። ለእሱ ችግሩ ተፈቷል።

አመስግኜ ዘጋሁት።

አልደነገጥኩም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ያሰብኩት ወንድሜን ነው። የቤተሰቡ ኢሜይል ከጥንትም በእናታችን ስም ነው፣ ፓስወርዱን በቃሉ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ወላጅ ሲባል ያንን ሰጥቷል፤ አሁን ቢሮው ቁጭ ብሎ በስልኩ እየፈቀደ ነው አልኩ።

ደወልኩለት።

"ወንድምጋሼ፣ የሳንባዬን ፋይል ፍቀድልኝ።"

"የምን ፋይል?"

"በእማዬ አካውንት እየፈቀድክ አይደል እንዴ? ምዕራፍ ሁለትን አሁን ፈቀድክልኝ።"

"እቴ... ያ አካውንት እኔ ስልክ ላይ የለም። እሷ ስልክ ላይ ብቻ ነው ያለው።"

"ስልኳስ የት ነው?"

"መኪናዬ ውስጥ። ቆይ፣ መጣሁ።"

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ስልኳን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በመጨረሻው ቀን ከእጇ ወድቆ የሆስፒታሉ አልጋ ጎማ ሄዶበታል። ስክሪኑ ደቅቋል፣ ባትሪው አብጦ ጀርባውን ፈልቅቆታል። ይሄ ስልክ ለማንም ምንም አይፈቅድም።

ወንድሜ አጠገቤ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እንዳልጠረጥረው ነው።

ምዕራፍ ሦስትን ነካሁ።

"ፈቃድ እየተጠየቀ ነው..."

እጆቹን አየኋቸው። አልተንቀሳቀሱም።

"ተፈቅዷል።"

"እስቲ አምጪው" አለና ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበው። የሞተር ሳይክል መመሪያ ፈልጎ አገኘ። በሃያ ዓመቱ ሞተር ልግዛ ብሎ እናታችን "እኔ በሕይወት እያለሁ አታደርገውም" ብላ ሁለት ሳምንት አኩርፋዋለች። አሁን አርባ ሊሞላው ነው፣ አሁንም የለውም።

ነካው።

"ተከልክሏል።"

ሃያ ሰከንድ እንኳ አልፈጀም።

ወንድሜ ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው።

"እሷ ናት" አለኝ በሹክሹክታ።

"ለምን ታንሾካሹካለህ?" አልኩት። እኔም በሹክሹክታ ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም።

የራሴን ፋይል መልሼ ነካሁት። "ይህ ፋይል ታግዷል።" ይሄን ጊዜ ከሥሩ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አነበብኳት። "በወላጅ" ትላለች።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴን የምቀየማት በአንድ ነገር ነው። አባታችን ሲታመም ስድስት ወር ደብቃናለች። የራሷን ደግሞ አሥራ አንድ ወር። እኛ ስናውቅ ልትሄድ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። እንቅልፍ እንዳናጣ ብላ ነው አሉ። ባውቅ ኖሮ ሥራዬን ትቼ አሥራ አንዱንም ወር እግሯ ሥር እቀመጥ ነበር። እንደተቀየምኳት ነው የቀበርኳት። ያላለቀስኩትም ለዚህ ይመስለኛል።

ከታች "ለወላጅዎ መልእክት ይጻፉ" የሚል ሳጥን አለ። ጻፍኩ።

"እማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሐኪም ጋ ነኝ። ልወቀው። እንደ አባባ ጊዜ አታድርጊኝ።"

ላክሁት።

ሰባት ሰዓት ከሩብ።

ሦስት ነጥቦች መጡ። እየተጻፈ ነው ማለት ነው። ጠፉ። ደግሞ መጡ... ጠፉ። እናታችን በአንድ ጣት ነበር የምትጽፈው፣ ሩዝ እንደምትለቅም አንድ በአንድ። ሦስት ደቂቃ ሆነ። አምስት።

ከዚያ መጣ።

"ወንድምሽ ይውጣ።"

እኩል አነበብነው።

ውጣ አላልኩትም። ራሱ ተነሳ። ወንበሩን ሳያንኳኳ ወደ ቦታው መለሰ፣ ወደ ደረጃው ወጣ፣ በሩንም የታመመ ሰው የተኛበት ቤት እንደሚዘጋ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

"ተፈቅዷል።"

መውረድ ጀመረ። አሥራ ሁለት በመቶ... አርባ... ሰባ... መቶ።

የወረደው ማኅደር ውስጥ ሁለት ፋይል ነበር። እኔ አንድ ነው የጠየቅኩት።

የመጀመሪያው የኔ ነው። ከምስሉ ጋር የተያያዘችው ወረቀት አጭር ናት፤ "የሚያሰጋ ነገር አልታየም" ትላለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጠበቅኩት፣ ደስታው አልመጣም።

ሁለተኛውን ከፈትኩት።

የወንድሜ ስም ነው፣ እስከ አያቱ። ምርመራ ቤቱ ያው የኔው ነው። ወንድሜ በሕይወቱ ሲቲ ስካን ተነስቶ አያውቅም። በቀኝ ሳንባው ላይ እንቁላል የሚያህል ነጭ ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ለመናገር ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም፤ የእናቴን ምስል አይቻለሁ።

ቀኑን አየሁ።

ገና አልደረሰም። ዓመት ከአንድ ሳምንት ይቀረዋል።

"ምን ይላል?" አለኝ ከበሩ ኋላ። ድምፁ ትንሽ ልጅ ይመስል ነበር። "እቴ... ምን ይላል?"

ምንም የለም ልል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል፣ ጣፋጭም ነበር። በቃ፣ ዛሬ ይተኛል፣ ነገም ይተኛል... እናቴ ምን ይሰማት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ገባኝ እንጂ ይቅር አላልኳትም።

በሩን ከፈትኩለት።

"እኔ ነጻ ነኝ። አንተ ግን ዛሬውኑ ትመረመራለህ።"

"እኔ ምን ሆንኩና? ሳል እንኳ የለኝም።"

"አውቃለሁ።"

"ምን አየሽ?"

"ጥሩ ነገር አላየሁም። ልብስህን ያዝ።"

ገብቶ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። ከዚያ መኪናውን ሊያስነሳ ወረደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ የኔን አይቶ "አቧራ ነው፣ ሂጂ" አለኝ። ለወንድሜ ወረቀት እንዲጽፍለት ለመንኩት። እናታችን በምን እንደሞተች ያውቃል፤ ብዙ አልጠየቀም።

መጨረሻውን እንዳትጨነቁ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ተገኘ። የምስር ፍሬ ታህል ነበር። ቀዶ ያወጣለት ሐኪም "አንድ ዓመት ብትዘገዩ ኖሮ..." ብሎ ቀሪውን ሳይጨርሰው እጁን ሊታጠብ ሄደ። ወንድሜ ዛሬ ደህና ነው። ላፕቶፔ ላይም ሁለተኛው ፋይል የለም፤ ማኅደሩ ውስጥ ያለው የኔው ብቻ ነው።

ለወንድሜ ጭምር ያልነገርኩት ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ምርመራ ቤቱ ውስጥ ያየሁት።

ማሽኑን የሚያሠራው ባለሙያ መነጽር ያደረገ፣ የደከመው ሰው ነው። ከኋላው እንድቆም ፈቀደልኝ። እሱ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል፤ ከፊታችን ሰፊ መስታወት አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ወንድሜ ጠባቡ አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው። መብራቱ ቦግ ያለ ነው፣ መርፌ ቢወድቅ ይታያል።

ባለሙያው ቀና ብሎ በመስታወቱ አየና ማይክሮፎኑን ተጫነ።

"እናት፣ ጨረር አለው። እባክዎ ከክፍሉ ይውጡልኝ።"

በተለመደ ድምፅ ነው ያለው። በቀን ሃያ ጊዜ የሚለው ነገር ነው።

ጠበቀ።

"እናት... ይሰማሉ? አሁን ያገኙታል፣ ሁለት ደቂቃ ነው።"

እኔ ወንድሜን ብቻ ነው የማየው። ቀኝ እጁ ከአልጋው ጠርዝ ወጥቶ በአየር ላይ ቀርቷል፤ ጣቶቹ አንድ ነገር እንደያዙ ተጨብጠዋል። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ተፈቱ።

"አመሰግናለሁ" አለ ባለሙያው፣ ማሽኑንም አስነሳው።

ወንድሜ ጭንቅላቱን አዙሮ እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኛት።