ያላረጁት ሕዋሳት

ተመራማሪዋ የብርጓል ሰኞ ጠዋት ከቤተ ሙከራው ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። ሐኪሙ የሞተችው ቅዳሜ ማታ ነው አለ። ቤቱ ባሕር ዳር ከተማ፣ ጣና ዳር የተከራዩት ባለአንድ ፎቅ ሲሆን ወደ ላይ የሚያስወጣው ይኸው ደረጃ ብቻ ነው።

«አዳልጧት ነው» አለ ኃላፊው ዶክተር ሀዲስ። «እኔ ዓርብ ማክሰኝት ከተማ ሄጄ ዛሬ ጠዋት ነው የተመለስኩት።»

ሰው ወድቆ ሲገኝ «አዳልጦት ነው» ማለት ከሰላምታ የቀለለበት ዘመን ነው። ኢንስፔክተር ወለላ ደረጃውን ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። የሟቿ ጫማም ላስቲክ ነበር።

በማግስቱ እርጅናን ያስቆማል የተባለውን መድኃኒት ሠላሳ አረጋውያን ሊወጉ ተመዝግበዋል። የመጀመሪያው የየብርጓል አባት፣ የዘጌው መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ናቸው።

ለምርምሩ ገንዘቡን ያወጣው ግሩም የሚባል ነጋዴ ነው።

«ቅዳሜ ከእሷ ጋር ተጣልተሃል» አለችው ወለላ።

«ተጣልቻለሁ፤ አልደበቅሁም። መርፌው ይቁም አለችኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ጠርሙሱን እንኳ ከፍቼ አላውቅ።»

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ እናትዓለም ዓይኗ አብጧል። «የታችኛው በር ቁልፍ እንጂ የላዩ የለኝም፣ እቴ። ዕቃ ትነኪያለሽ ብለው ከለከሉኝ።»

ላይኛው ክፍል በሙቀት ሣጥን ውስጥ ትናንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«ይህ ቀዩ ፈሳሽ ምንድን ነው?» አለች ወለላ።

«የሕዋሳቱ ምግብ። ሲበሉት ቢጫ ይሆናል» አለ ሀዲስ።

«በስንት ጊዜ?»

ፊቱ በራ። «ጤነኛ ሕዋስ ሃምሳ ጊዜ ያህል ተባዝቶ ያረጃል፤ ከዚያ ያቆማል። የእኛን መድኃኒት የቀመሱት እነዚህ ግን አያቆሙም። ምግባቸውን ባንድ ቀን ቢጫ ያደርጉታል።»

ወለላ የሟቿን ማስታወሻ ደብተር ገለጠች። «የሕዋስ እርጅና ልጓም ነው» ይላል። «የተጎዳውን እንዳይባዛ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ልጓሙን በጠሰው፤ ሕዋሳቱ ወደ ካንሰር ዞረዋል። አባቴን አይወጓቸውም።»

ከሰዓት ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። መሪጌታም ከዘጌ በጀልባ መጥተው ነበር።

«ምግቡ ባንድ ቀን ቢጫ ከሆነ፣ ዛሬ ጠዋት ለምን ቀይ ሆኖ አገኘሁት? ሬሳዋ ከተገኘ ጀምሮ ፖሊስ ደረጃውን ስለዘጋው ዛሬ ከእኔ በፊት የወጣ የለም፤ ትናንት እሑድ የቀየረው ሰው አለ። የብርጓል ቅዳሜ ሞታለች። እናትዓለም የላዩን ቁልፍ አልያዘችም። ግሩም ሥራውን አያውቀውም። የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ዶክተር፤ ማክሰኝት አልነበሩም። ሕዋስ ሊመግቡ ሬሳዋን ተሻግረው ወጡ። ሲወርዱም ተሻገሯት።»

እናትዓለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ቢራቡ ይሞቱ ነበር» አለ ሀዲስ በቀስታ። «የስድስት ዓመት ልፋቴ ነው። ለመንግሥት እናገራለሁ ስትለኝ ገፋኋት።» ወደ መሪጌታ ዞረ። «የኔታ፣ እርጅናን ላጠፋ ነበር። ለእርስዎም ብዬ ነው።»

ሽማግሌው በቁጣ ተነሡ።

«እርጅናዬ ምን በደለህ? እኔ ማርጀትን ፈርቼ አላውቅም፤ ልጄ አለችኝ ብዬ። ጧሪ ቀባሪዬን ገድለህ ዕድሜ ትቀጥልልኛለህ? ልትቀብረኝ የሚገባትን እኔ ልቅበራት ነው።»