ከዮርዳኖስ ሠርግ ላይ የተቆረጠው

በአርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ የጌጤ ቤት ዕረፍት ካጣ ሰንብቷል። ጌጤ ድሮ የጫኖን እርሻዎች ሙዝ በአይሱዙ አስጭና አዲስ አበባ የምትልክ፣ ከደላላ ጋር ተናንቃ የምትከራከር፣ ድምፅዋ ከሦስተኛው ቤት የሚሰማ ሴት ነበረች። አሁን ግን እጇን በግድግዳው ላይ እያስኬደች ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በረንዳ ስትመላለስ ትውላለች። ተቀመጪ ቢሏት አትቀመጥ፣ ብዪ ቢሏት አትበላ! የስኳር በሽታ ቀኝ ዓይኗን ካጠፋው ቆይቷል፤ የግራውም ውስጡ መድማት ጀምሯል። ሐኪሙ አንገቱን አቀርቅሮ፣ «እማማ፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ለነገ አያሳድሩት» ነበር ያላት። ሰው ለሰው እንዲህ ያለ ቃል እንዴት ይናገራል? ቢናገርስ፣ ይህን የሰማች እናት እንዴት አንድ ቦታ ትቀመጥ? ጌጤ በዚህ ዓለም ላይ ማየት የምትፈልገው የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሞተችውን ልጇን የዮርዳኖስን ፊት።

ዮርዳኖስ የበኩር ልጇ ነበረች። በመዘምራን መካከል ያደገች፣ ድምፀ ሸጋ፣ ጨዋታ ወዳድ። የወደደችው ግን ይበልጣልን ሆነ፤ አባቱ በአስተማሪነት ከጎጃም መጥተው አርባ ምንጭ የቀሩ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ኦርቶዶክስ። ጌጤ ይህን እንደ ምንም ዋጠችው። በሠርጉ ቀን እቤቷ መዘምራን ዘመሩ፣ ፓስተሩ ጸለዩ፣ ሙሽራዋ ተመርቃ ላይኛው ከተማ ሴቻ ወደሚገኘው አዳራሽ ሄደች። እዚያ ሙዚቃ ተከፈተ፣ ዮርዳኖስም መሀል ገባች! በጌጤ ቤት ዘፈን የሰይጣን፣ ጭፈራ የዓለም ነው። ልጇ ትከሻዋን መነቅነቅ ስትጀምር ጌጤ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጀርባዋን ሰጥታ ወጣች። ትንሹ ልጇ ዕዝራም ተከትሏት ወጣ። ከዚያ በኋላ በእናትና ልጅ መካከል ከሰላምታ የዘለለ ቃል አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ ዮርዳኖስ በወሊድ ሞተች፣ ሕፃኑም ተከተላት... ወየው! ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲንበረከክ ገዳይና የሟች ወገን በሚታረቁበት በጋሞ ምድር፣ ለእነዚህ ለሁለቱ ሣር የሚይዝላቸው አንድ ሰው እንኳ ጠፋ።

ዕዝራ አድጎ የመዘምራን መሪ ሆነ፤ እንጀራው ደግሞ የሰው ሠርግ ነው። ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ቪዲዮ ያቀናብራል፣ ፍላሽ ላይ መዝሙር ይጭናል። ጌጤ አንድ ቀን አጠገቡ ሄዳ፣ «የእኅትህን ሠርግ አሳየኝ። ሙሉውን» አለችው። ሌላ አልጨመረችም። እሱም ይበልጣልን ለመነ። ይበልጣል አሁን ምዕራብ ዓባያ አስተማሪ ነው፣ ሌላ ትዳር ይዟል። የሠርጉን ሲዲ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላከለት። ዕዝራ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገለብጠው አንድ ረጅም ፋይል ሆነበት፤ እቤት ያለው ቴሌቪዥን ጨርሶ አልከፍትም አለ። ስለዚህ ቪዲዮውን በየክፍሉ ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ቴሌቪዥኑ ወደሚቀበለው ዓይነት ይለውጥ ጀመር። የመዝሙሩን ለወጠ፣ የጸሎቱን ለወጠ። አዳራሹ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ያቺን ክፉ ቀን እናቴ ሁለተኛ ትያት? በዚህ ሕመሟ ላይ? ዓይኑን ወደ ሌላ እያዞረ፣ ጭፈራ ያለበትን ክፍል ሁሉ ሳያይ ቆርጦ አጠፋው። ኮምፒውተሩ በደንበኞች ሠርግ ስለ ተጨናነቀ ዋናውንም ፋይል አጠፋ፤ ሲዲውን ከምስጋና ጋር መለሰ። እናቱን ከሐዘን ያዳነ መስሎት ነበር፣ ምስኪን!

ጌጤ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቀርባ፣ ግራ ዓይኗን መስተዋቱ ላይ ልትለጥፈው ምንም አልቀራት። መዘምራኑ ዘመሩ። ፓስተሩ ጸለዩ። አንዲት ነጭ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ አንገቷን ደፍታ፣ ፊቷን በዓይነ ርግብ ሸፍና ተቀምጣለች።

«ፊቷስ የታለ?»

«ሙሽራ አይደለች እማ፣ አቀርቅራ ነው።»

ቪዲዮው ቆመ። «አለቀ?» አለች። «አለቀ» አላት። «የአዳራሹስ?»

ዕዝራ ፍላሹን ከቴሌቪዥኑ ነቀለ። «ቆረጥኩት። እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

ጌጤ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «እሱን እኮ ነው የፈለግሁት ልጄ! ጀርባዬን ሰጥቼው የወጣሁትን!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በየትኛው አፌ? ዘፈን ኃጢአት ነው ብዬ ያሳደግሁህ እኔ... ዛሬ ደግሞ ዘፈን አሳየኝ ልበልህ?»

ዕዝራ ተነሣ። ሮጦ ሱቁ ገባ፤ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ፤ የጠፋው ጠፍቷል። ይበልጣል ጋ ደወለ፤ አይነሣም። መናኸሪያ ሄዶ ሚኒባስ ያዘ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሰው ሲያወርድ፣ የሙዝ ዘለላ ጣሪያ ላይ ሲያስጭን፣ ዕዝራ ወንበሩ እንደሚፋጀው ሰው ይነሣል፣ ይቀመጣል። «ምነው ወንድም፣ ሰው ሞቶብህ ነው?» አለው ሾፌሩ። ምን ብሎ ይመልስለት? ምዕራብ ዓባያ ሲደርስ ይበልጣልን እጁ ጠመኔ እንደነካው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘው። ይበልጣል ነገሩን ሰምቶ ዕዝራን ወደ ቤቱ ወሰደው። እቤት ገብቶ ሲዲውን ይዞ ወጣ። «እኔ እስካሁን ከፍቼው አላውቅም» አለ፣ «አልቻልኩም። ለእናትህ ስጣት። በእኔ በኩል ቂም የለም በላት።»

ሱቁ ተመልሶ ፋይሉን ገለበጠ፣ ከፋፈለ፣ መለወጥ ጀመረ። ኮምፒውተሩ ፐርሰንቱን ኤሊ እንደሚነዳ ሰው ይቆጥራል። ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ! ዕዝራ ደጅ ወጣ፣ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። በሰፈሩ ጄኔሬተር ያለውን ሁሉ ለመነ፤ የሚሰጠው ግን አላገኘም። መብራቱ በማግሥቱ ጧት ሲመጣ ከዜሮ ጀመረ። አልቆለት ፍላሹ ላይ እንደ ጫነው ስልኩ ጮኸ። ጎረቤታቸው ልክነሽ ናት። «ዕዝራ፣ ቶሎ ና። እናትህ ተቀምጣለች» አለችው። ተቀምጣለች! ስንት ቀን ስትንከራተት የከረመች ሴት ተቀመጠች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዕዝራን አልጠፋውም።

ፍላሹን ጨብጦ ሲገባ ጌጤ ወንበር ላይ እጇን አጣምራ ነበር። «መጣህ? ጨለማ ውስጥ ጥለኸኝ... እስቲ መብራቱን አብራው» አለችው። ልክነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የአርባ ምንጭ የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ የጌጤ ፊት ላይ አርፎ ነበር። ዕዝራ ከእግሯ ሥር ወድቆ አለቀሰ። ጌጤ ስታለቅስ አልታየችም። ልቅሶውን ከሰማች በኋላ ራሱን ዳሰስ አደረገችለት፤ ነገሩ የገባት ያኔ ነው።

«በቃ፣ ዘግይተናል» አለች። «አምጥተኸዋል?»

«አምጥቻለሁ።»

«ክፈተው። አንተ እያየህ ንገረኝ። አሁን ግን እንዳትቆርጥብኝ።»

ሙዚቃው ቤቱን ሞላው። በዚያ ቤት ግድግዳ ውስጥ ዘፈን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ዕዝራ በዕንባው መካከል ማየት ጀመረ። «መሀል ገብታለች እማ። ዓይነ ርግቡን ወደ ኋላ ጥላዋለች። ትስቃለች... ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ላብ ግንባሯ ላይ አለ።» ጌጤ እያንዳንዱን ቃል በአፏ ትደግመዋለች። «ቀጥል» ትለዋለች። ድንገት ዕዝራ ዝም አለ። ምስሉ ውስጥ አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ስትነሣ ታይቷል።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለች ጌጤ። «ስወጣ አየችኝ?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አላየችሽም ቢላት ማን ይመሰክርበታል? ዳሩ ግን ለእናቱ አዝኖ መቁረጡ ምን እንዳመጣ አይቷል።

«አይታሻለች።»

«ከዚያስ?»

«ቆመች። በሩን አየች... በጣም ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እንደገና ጨፈረች። እያለቀሰች ነው የምትጨፍረው እማ።»

ጌጤ ከሆዷ የወጣ ድምፅ አሰማች። ቃል አልነበረም። ልክነሽ ሮጣ ልትደግፋት ስትል ግን በራሷ ተነሣች፣ እጇን በአየር ላይ ዘርግታ የልጇን ትከሻ ፈለገች፣ አገኘችው። «እንዴት አድርጋ ነበር የጨፈረችው? ዕዝራ፣ አሳየኝ።»

ዕዝራ፣ የመዘምራኑ መሪ፣ ዘፈን ሲሰማ መንገድ የሚቀይረው ዕዝራ፣ ቴሌቪዥኑን እያየ ትከሻውን አነቃነቀ። አልቻለበትም። እኅቱ እንዳደረገችው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፣ አንገቱን ሰበረ። እናቱ ሁለት መዳፏን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ በመዳፏ እያየች፣ አብራው ትሄዳለች። ልክነሽ ጥግ ላይ ቆማ ትንሰቀሰቃለች።

ዕድል ሆይ፣ ምን በድለንህ ነው? ዓይን በነበረን ጊዜ ጀርባችንን ታሰጠናለህ፤ ዞረን ለማየት ስንፈልግ ደግሞ ዓይናችንን ትወስዳለህ! ልጃችሁ በሕይወት ያለላችሁ፣ ካኮረፋችሁበት በር ዛሬውኑ ተመለሱ እንጂ ምን ይባላል?

ሙዚቃው አለቀ። ዕዝራ እያለከለከ ቆመ። ጌጤ ግን እጇን ከትከሻው ላይ አላነሣችም።

«ድገመው» አለችው።