ደረቅ ወንበር

በ1974 ዓ.ም. በልግ፣ ጂንካ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሰው ሁሉ ወደ በረንዳ ይሮጣል፤ ዳርጌ ግን ወደ መኪናው ይሮጥ ነበር። ሊጠለልባት አይደለም፤ ውሃዋን ሊጨልፍ ነው።

መኪናዋ ቀይ ነበረች። ዝቅ ያለች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ የሽቅድድም መኪና። ለአደን የመጣ አንድ ፈረንጅ መንግሥት ሲለወጥ ጥሏት ሄደና ማንጎ ሥር ዓመታት ተቀመጠች፤ ውሻ ወለደባት፣ ዶሮ አደረባት። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ኤርሳዶ፣ ከሆሳዕና በኩል የመጡ ቀልደኛ ሰው፣ ለዳርጌ «ካስነሳሃት ያንተ ናት፤ ካላስነሳሃትም ያንተው ናት። ብቻ ከፊቴ አንሳልኝ» አሉት።

አስነሳት። ሞተሯ እሺ አለ። ውሃው ግን እሺ አላለም።

ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ፣ አስካል የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የጭነት መኪና ሸራና ድንኳን ትሰፋ ነበር። ፊደል የለየችው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ስፌት የተማረችው የተቀደደ ድንኳን ፈትታ መልሳ በመግጠም ነው። ማንም አላስተማራትም፤ ስለዚህ የማንም ውለታ አልነበረባትም። ሰዎች «ከመርፌዋ ይልቅ ምላሷን ፍራ» ይሉ ነበር። ትሰማቸዋለች። ደስ ይላታል።

አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ዳርጌ የመኪናዋን በር በረንዳው ፊት ከፈተ። ውሃው ተንዶ ወጣ። ከውሃው መሀል አንዲት እንቁራሪት ዘላ ወረደችና መንገዱን ተሻገረች።

«አንተ!» አለች አስካል፣ እግሯን ከስፌት መኪናዋ መርገጫ ሳታነሳ። «ተሳፋሪህ ሳትከፍል ወረደች እኮ!»

ዳርጌ እንቁራሪቷን አየ። ከዚያ አስካልን አየ፤ እሷን ሲያይ ትንሽ ቆየ። ባዶውን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሸራው አርጅቶ ነው» አለ በመጨረሻ። «አዲስ ትሰፊልኛለሽ?»

ሰፋችለት። በሳምንቱ ዘነበ። በማግስቱ ዳርጌ በረንዳው ሥር ቆሞ፣ ባርኔጣውን እያሻሸ፣ የማይባለውን ነገር አለ።

«ስፌትሽ ያፈሳል።»

መርገጫው ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ስፌትሽ... ማለቴ...»

«በእኔ ሸራ ሥር የተጫነ ጨው እስከ ኦሞ ዳር ሄዷል! በክረምት! አንዲት ፍሬ አልሟሟችም። ውሃው የሚገባው ከሌላ ቦታ ነው። እሁድ ጠብቀኝ፣ በዓይንህ አሳይሃለሁ።»

ጋሽ ኤርሳዶ ከጋራዡ ውስጥ ሳቁ። «ዳርጌ፣ ልጄ፣ ከዝናቡ ጋር ብትጣላ ይሻልህ ነበር።»

እሁድ ጋራዡ ዝግ ነበር። ዳርጌ ወንበሮቹን ፈትቶ፣ ምንጣፉን ገፎ ጠበቃት። አስካል ከእናቷ የሸክላ መተኮሻ ያመጣችውን ነጭ አመድ በወንፊት ነፍታ የመኪናዋ ወለል ላይ በተነችው።

«ምንድነው? ልንጋግርባት ነው?»

«እናቴ አዲስ ማሰሮ ስትፈትን ውሃ ሞልታ ደረቅ አመድ ላይ ታስቀምጠዋለች። አመዱ ከጠቆረ ማሰሮው ቀዳዳ አለው። ግባ።»

«እኔ?»

«ባለመኪናው አንተ አይደለህ? አመዱን እንዳትረግጥ። እኔ ከታች ጀምሬ ቀስ በቀስ ወደ ላይ አፈሳለሁ። ከላይ ከጀመርን ውሃው ሁሉን ቦታ ያዳርስና የገባበት አይታወቅም። ሲጠቁር ጩህ።»

ዳርጌ ውስጥ እንደ ዶሮ ቁጢጥ አለ። አስካል በጣሳ የበሩን ታች አጠጣች፤ ምንም የለም። የበሩን መስታወት ስታጠጣ ግን ጥቂት ቆይቶ ጮኸ።

«ጠቆረ! በሩ ሥር!»

የበሩን የውስጥ ሽፋን በካቻቢቴ ፈታው። በሩ ውስጥ ውሃው እንደ እንስራ ሞልቶ ቆሟል። አስካል ጎንበስ ብላ የበሩን ሆድ ከታች ዳሰሰች። ውሃ እንዲፈስባቸው የተሠሩት ቀዳዳዎች በማስቲሽ ድፍን ብለዋል።

«ይሄን ማን ደፈነው?»

ዳርጌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀዳዳ አየሁና... ውሃ ያስገባል ብዬ።»

«ወለሉንስ ማን በሳው?»

«የገባው እንዲወጣ...»

«የውሃ መውጫውን ደፍነህ ደህናውን ወለል በሳኸው! አንተ ሰው፣ ማሰሮ ብትሆን እናቴ ሰብራ መልሳ ታቦካህ ነበር።»

ዳርጌ ሳቀ። የምር፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። አስካል ምላሷ ወንድ ሲያስቀይም እንጂ እንዲህ ሲያስቅ አይታ አታውቅም ነበር። ጣሳዋን ይዛ ለአፍታ የምታደርገው ጠፋት።

ሁለተኛውን ያገኘው እሱ ነው። ከፊት መስታወቱ ግርጌ የፈሰሰው ውሃ ሳይወርድ መቆየቱን ከውስጥ ሆኖ አየ። ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ከመስታወቱ ሥር ባለው ቦይ ከተተና የዓመታት የማንጎ ቅጠል፣ በስብሶ የጠቆረ፣ ከውሻ ፀጉር ጋር መዝዞ አወጣ። ቦዩ ሲሞላ ውሃው የኤሌክትሪክ ገመዶቹ በሚያልፉበት በተሰነጠቀ ጎማ በኩል ወደ ውስጥ ይገለበጥ ኖሯል። ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ አዲስ ጎማ ገጠመለት። ወለሉ ላይ የበሳውንም ቀዳዳ፣ እያፈረ፣ በጎማ ውታፍ ወተፈው።

«አሁን ጣሪያው» አለች አስካል፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። «ተመልሰህ ግባና ስፌት ምን እንደሆነ እይ።»

ጣሳ በጣሳ አፈሰሰችው። ከውስጥ ድምፅ የለም።

«ደረቅ ነው አይደል?»

ጣሪያውን በመዳፏ መታችው።

«ዳርጌ!»

«ደረቅ ነው» አለ። ድምፁ ግን አልደረቀም።

በሩን በረገደችው። ዳርጌ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ መዳፉን ከስፌቱ ሥር ይዞ ተቀምጧል። ከክንዱ ላይ ውሃ ወደ እጅጌው ይወርዳል። አመዱ እንዳይጠቁር፣ የእሷን ጠብታ በእጁ እየተቀበለ ነበር።

«እጅህን ከዚያ አንሳ።»

«ምንም እኮ አይደለም...»

«አንሳ አልኩህ።»

አነሳ። ጠብታዋ ወረደች። አመዱ ላይ የሳንቲም የምታህል ጥቁር ነጥብ ወጣች። አስካል ነጥቧን ረጅም ጊዜ አየቻት።

«መርፌው ወፍሯል» አለች ቀስ ብላ። «ቀዳዳው ከክሩ በልጧል።» ከዚያ ቀና አለች። «ለምን ደበቅክልኝ?»

«እንዳይከፋሽ።»

«እኔ እንዳይከፋኝ ተብሎ የሚደበቅ ነገር አልወድም። እኔንስ? አባትህን ፈርተህ እንዲህ በመዳፍህ ሸፍነህ ልታኖረኝ ነው?»

ይህን ጥያቄ ሁለቱም ከእንቁራሪቷ ቀን ጀምሮ ሲዞሩት ነበር።

አስካል የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። በዚያ አገር ገበሬው ከሸክላ ሠሪዋ ማሰሮ ይገዛል፣ ውሃም ይጠጣበታል፤ ሠሪዋን ግን ከደጁ አያሳልፍም፣ ልጇንም አያገባም። የዳርጌ አባት ኤርጎ ደግሞ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። በስብሰባ ላይ ክንዳቸውን አንስተው «የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ነው!» ሲሉ ድምፃቸው ጋራውን ይሻገራል። የአስካል እናት ያንን ንግግር የሰማችው ከአጥር ውጭ፣ ዝናብ ላይ ተቀምጣ ነው።

ዳርጌ ከመኪናዋ ወጣ። እጅጌው ይንጠባጠባል።

«አልደብቅሽም» አለ። «ላግባሽ።»

አስካል መልሱን ሳታስበው የምትናገር ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን አሰበች። አመዱን አየች፣ እጁን አየች።

«በድብቅ አይደለም» አለች። «በቅዳሜ። ገበያተኛው መንገድ ላይ እያለ። በአባትህ ደጅ አልፌ።»

አባትየው ሽማግሌ አንልክም አሉ። «የሸክላ ሠሪ ልጅ ሙሽራ ሆና በደጄ አታልፍም» ብለው በገበያ ላይ ተናገሩ። የአገሩ ሹፌሮች ሁሉ ወዳጆቻቸው ስለነበሩ፣ ሙሽራዋን ከእናቷ ቀዬ በኤርጎ ደጅ አሳልፎ ወደ ጂንካ፣ የሠርጉ ጸሎት ወደሚደረግበት ወደ ጋሽ ኤርሳዶ ቤት የሚያመጣ መኪና ጠፋ። አንዱ ጎማዬ ተንፍሷል አለ፣ ሌላው አክስቴ ሞታለች አለ። የቀረችው ቀይዋ ብቻ ናት። ከተማው በሙሉ ሳቀ። «በዚያች ገንዳ? ሙሽራዋን ዋና ያስተምሯት!»

«እስከ ኅዳር እንቆይ» አለ ዳርጌ። «ዝናቡ ያልፋል፣ ማንም አይስቅብሽም።»

«ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ደጅ ሸክላ ተሸክሜ አልፌያለሁ። ረጥቤ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ። አባትህ ከጣራቸው ሥር ሆነው ሲያዩኝ ነው ያደግኩት። አሁን ደርቄ አልፋለሁ። በበጋማ ማንም ደርቆ ያልፋል! እየዘነበ ነው የማልፈው።»

ስፌቱን በሙሉ ፈታችው። በቀጭን መርፌ፣ ጠበቅ ባለ ክር፣ መልሳ ሰፋችው። ሰምና ሞራ አቅልጣ እያንዳንዱን ቀዳዳ በአውራ ጣቷ አሸችው። ጣቷ ተላጠ። ዳርጌ የበሩን ጎማዎች ለወጠ። በዚያ ሳምንት ሲነጋገሩ ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልተናገሩም፤ «ይሄን ያዝልኝ»፣ «እዚህ ጋ ጫን በይው» ብቻ ነበር። ግን ከሁለቱ አንዱ እጁን ሲያነሳ፣ የሌላው እጅ ቦታውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ሰማዩ ከጠዋቱ ጠቆረ። ዳርጌ ሙሽራይቱን ሊወስድ ሲደርስ ዝናቡ እንደ ጠጠር ይወርድ ነበር። የአስካል እናት ነጠላዋን ተከናንባ ወደ መኪናዋ መጣችና፣ የማሰሮ ከንፈር እንደሚዳሰስ ወንበሩን፣ ጥጉን፣ የጣሪያውን ስፌት በጣቶቿ ዳሰሰች።

«አያልብም» አለች፣ ስለማያፈስ ማሰሮ እንደምትለው። ከእሷ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት አይወጣም።

መንገዱ ጭቃ ነበር። ገበያተኛው የእንሰት ቅጠል ተከናንቦ በግራና በቀኝ ቆመ። ሊስቅ ነበር የቆመው። ቀይዋ መኪና እያጉረመረመች ስትመጣ፣ በመስታወቱ ውስጥ ነጭ ልብስ፣ የደረቀ ፀጉር፣ ቀጥ ያለ አንገት አየ። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

የኤርጎ ደጅ ጋ ሲደርሱ አስካል «አቁም» አለች።

«አስካልዬ፣ እንለፍ...»

«አቁም አልኩህ። ሸሽታ አለፈች አይሉኝም።»

ኤርጎ ከደጃቸው ቆመዋል፤ ባለቤታቸው እማማ ጥሩነሽ ከኋላቸው። አንድ የእንሰት ቅጠል ለሁለት ይዘዋል፤ ቅጠሉ ግን ወደ እሳቸው አድልቷል። ነፋሱ ዝናቡን ከወዲያኛው በኩል ይገፋው ስለነበር አስካል በሳቸው በኩል ያለውን መስታወት ዝቅ አደረገች።

«ተበላሸች?» አሉ ኤርጎ፤ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ተስፋ ነበረ።

«አልተበላሸችም አባባ። እርስዎ ሲረጥቡ አይቼ ነው።»

ከገበያተኛው መሀል አንዱ አፍኖ ሳቀ። ኤርጎ ፊታቸው ጠቆረ።

«ከደጄ ምን ፈለግሽ?»

«ደጅዎን አልፈለግኩም። የእናቴ ማሰሮ ገብቶበታል፣ ይበቃናል። ዛሬ ልጅዎ ያገባል። እናቱ መምጣት ከፈለጉ ቦታ አለ፤ እኔ እጠጋላቸዋለሁ።»

ዳርጌ መሪውን ጨብጦ፣ እናቱን ሳይሆን ፊት ለፊት መንገዱን ያይ ነበር። እማማ ጥሩነሽ ከቅጠሉ ሥር ወጡ። ሦስት አራት እርምጃ ሲራመዱ ልብሳቸው ገላቸው ላይ ተጣበቀ። በሩ ጋ ቆሙ።

«ልጄ፣ አረጥብብሻለሁ» አሉ፣ ነጩን ልብስ እያዩ።

«ይግቡ እማማ።»

«ጥሩነሽ!» ብለው ጮኹ ኤርጎ።

ሴትዮዋ አንድ እግራቸውን አስገብተው ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ሁሉም እኩል ነው ስትል አልነበረም? በስብሰባው ሁሉ አጨብጭቤልሃለሁ። እስኪ ዛሬ ሄጄ ልየው።»

ገቡ። አስካል ወደ ዳርጌ ተጠጋች፤ በሩ ተዘጋ። በትንሿ መኪና ሦስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣበቀ። ኤርጎ ቅጠሉን ይዘው፣ ከጎናቸው ባዶ ቦታ ትተው፣ በኋላ መመልከቻው መስታወት ውስጥ እያነሱ ሄዱ። ዳርጌ አንድ ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ ማርሹን ለወጠ።

ከእናቱ ልብስ ውሃው እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ተጠራቀመ። የአስካል ነጭ ልብስ በአንድ ጎኑ ረጠበ። ዳርጌ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ የወለሉን ውታፍ ሊመዝ እጁን ሰደደ።

አስካል እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለች። «ይሄኛው ውሃ ይቀመጥ።»

ጂንካ እስኪደርሱ ዝናቡ አላባራም። ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ የገባው ውሃ ግን ያ ብቻ ነበር፤ በበሩ፣ ተጋብዞ የገባው።