የጥሩሩ አምስተኛ ፊት

ጋሼ ገብረመድህን ወረቀቱን ከኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ያነሣው እየሣቀ ነበር። ገጹን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ሄዶ የመጨረሻው ሥዕል ላይ ሲደርስ ሣቁ ቆመ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ከዚያም ግራ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ በጣቱ ዳሰሰ።

«ይሄን ማን አየው?» አለ።

ሰገነት የጠበቀችው ሌላ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ ከሣለቻቸው ፊቶች ሁሉ ይሄኛው እንደሚበልጥ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ጋሼ ገብረመድህን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እነሱ ቤት ይበላና ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። እሷ ደግሞ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ትሥለዋለች። ጆሮው ጫፍ ላይ ያለችው ቆራጣ፣ እንደ ጨረቃ የጎበጠችው ጠባሳ፣ አንዷም አላመለጠቻትም።

«አየለ ብቻ ነው ያየው» አለች። «እና ጋዜጣው ቢሮ ያሉት ሰዎች።»

«የቱ ጋዜጣ?»

«በየበሩ የሚጣለው፣ ነፃው። የሥዕል ውድድሩን አሸንፈናል እኮ ጋሼ። አንተን ላስደንቅህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

በሥዕል የሚነገረውን ታሪክ እዚህ ሆላንድ ስትሪፕ ይሉታል። የእነሱ ስትሪፕ «የአገር ጥሩር» ይባላል፤ ሰገነት ትሥላለች፣ አየለ ቃሉን ይጽፋል። ጥሩሩ የጥንት ጦረኞች የሚለብሱት ዓይነት የብረት ልብስ ነው፤ ግን ሞተር አለው። የለበሰው ሰው በአንድ እጁ መርከብ ይጎትታል። አገሩን ለማይወድ ሰው ግን ሞተሩ አይነሣለትም። ስለዚህ ጥሩሩ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ ይለበሳል። መጀመሪያ ፖስተኛ ለበሰው፣ ቀጥሎ ነርስ፣ ከዚያ ዓሣ አጥማጅ፣ ከዚያ አንድ ዓይነ ስውር ሙዚቀኛ። ትከሻው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለ፤ አየለ እንደ ሆላንድ ቡድን ብርቱካናማ ይሁን ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጭቆ ተሸንፏል። በየክፍሉ መጨረሻ ላይ የራስ ቁሩ መከለያ ወደ ላይ ይከፈትና የለባሹ ፊት ይታያል፤ ስሙንም ይናገራል። የክፍላቸው ልጆች ቀጣዩ ማን እንደሆነ ለመገመት እርስ በርስ ይወራረዳሉ።

አምስተኛው ለባሽ መምህር ነው። ፊቱ የጋሼ ገብረመድህን ፊት ነው።

ጋሼ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዛንዳም በምትባለው ከተማ ካካዎ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠራ ጃኬቱ ምንጊዜም የካካዎ ሽታ አለው፤ ለወትሮው ሽታውን ትወደው ነበር።

«ሰጊ፣ እኔ እኮ ሞቻለሁ» አለ።

ቀልድ መስሏት ልትሥቅ ነበር።

«አገር ቤት፣ አዲስ አበባ ማለቴ ነው። ሱዳን በረሃ ላይ ሞተ ተብሎ ተለቅሷል። ድንኳን ተጥሎ፣ ተዝካር ተበልቶ። ያስወራችው ባለቤቴ ወለተሥላሴ ናት። ከዚያ በፊት ቀበሌ በየሳምንቱ እየጠራ ‹ባልሽ የት ገባ?› ይላታል፤ አንዴማ አስረዋታል። ከለቅሶው በኋላ እሷንም ልጄንም ተዉአቸው። የሞተ ሰው አይፈለግማ።»

«ልጅዎስ?» አለች ሰገነት። ሁልጊዜ «አንተ» ስትለው ኖራ «ልጅዎ» ማለቷን ልብ ያለችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«እሷም አታውቅም። ጠጉሯን ተላጭታ አልቅሳለች። ብትጠየቅ የምታውቀውን እንድትናገር ነው። የምታውቀው ደግሞ መሞቴን ነው።» ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠው። «መቼ ነው የሚታተመው?»

«ዋናው ገጽ ጋዜጣው ቢሮ ነው፤ ዛሬ ማታ ማተሚያ ቤት ይሄዳል።»

ተነሥቶ የጃኬቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ። የከሰዓት ተረኛ ነው።

«አጥፊው አልልሽም» አለ በሩ ጋ ቆሞ። «ደክመሽበታል። እኔ ነኝ በሰው ሶፋ ላይ ተጠንቅቄ መተኛት የነበረብኝ። ይሄን የነገርኩሽን ግን ለማንም እንዳታወሪ።»

*

አየለ ከሕንፃው ሥር ያለው የቢስክሌት ማቆሚያ ውስጥ ሰንሰለቱን ዘይት ሲቀባ አገኘችው። ከእሷ በአንድ ዓመት ይበልጣል፤ ከእነሱ ሦስት ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው። ውጭ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም።

«አምስተኛው ፊት መውጣት የለበትም» አለችው።

«ኸክ ነሽ እንዴ?» አየለ ሲናደድ ሆላንድኛው ይቀድመዋል። «አብደሻል? ያሸነፍነው እኮ በሱ ፊት ነው። የጋዜጣዋ ሴትዮ ራሷ ናት ያለችኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሽልማቱንም ታውቂያለሽ? ሮተርዳም፣ ክረምቱን ሙሉ፣ ከእውነተኛ ሠዓሊዎች ጋር። ‹ሠዓሊ ካልሆንኩ እሞታለሁ› እያልሽ ጆሮዬን ስታደነቁሪው የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? ለምንድን ነው የማይወጣው?»

«ልነግርህ አልችልም።»

«ጋሼ ተቆጣ? ሽማግሌ አስመሰልሽኝ አለሽ?»

«አልተቆጣም።»

«እና ምን አባቱ ሆኖ ነው?» ጨርቁን ወረወረው። «ፋራ አትሁኚ ሰጊ። ባንዲራውን ፈርተሽ ከሆነ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ግራጫ ነው የሚሆነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ያየዋል ብለሽ ነው? እዚያ ሆላንድኛ የሚያነብ ድመት እንኳን የለም።»

ለአፍታ ልክ መሰላት። ልክ ቢሆን እንዴት ደስ ባላት። ያን ጊዜ ግን ያለፈው ወር ትዝ አላት። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እናቷን ልትጠይቅ ወደ አገር ቤት ስትሄድ፣ ሰገነትና እናቷ ወይዘሮ የትነበርሽ የሚላከውን ዕቃ ሲያሰናዱ ነበር ያመሹት። የመድኃኒቱን ጠርሙስ፣ ብርጭቆውን፣ ለአክስቷ የተገዛውን ጫማ፣ ሁሉንም የጠቀለሉት በዚያው በነፃው ጋዜጣ ነው። ሌላ ምን አለ? በየሳምንቱ በር ሥር እየተጣለ ይከመራል። እዚህ ሰፈራቸው፣ አምስተርዳም ኖርድ ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ የሚጠቀልለው በሱ ነው። አዲስ አበባ የደረሰ ብርጭቆ ሲፈታ ደግሞ ወረቀቱ አይጣልም፤ ሱቅ ይሄዳል፣ ስኳር ይቋጠርበታል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቃሉን ማንም አያነበው ይሆናል። ፊትን ለማወቅ ግን ማንበብ አያሻም።

«ከአክስቴ ጫማ ጋር ይደርሳል» አለችው።

አየለ የወረወረውን ጨርቅ አነሣ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ።

«እሺ። ቢሮውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሴትዮዋም ትወደኛለች። ሄጄ አነጋግራታለሁ። አንቺ እዚሁ ጠብቂኝ።»

ቢስክሌቱን እየገፋ ወጣ። ሰገነት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ፖንት የሚሉት ክፍት ጀልባ ወንዙን ለመሻገር ብዙ አይፈጅም፤ ከዚያ እስከ ጋዜጣው ቢሮ ግን መጠለያ በሌለው ሜዳ ነው የሚኬደው። ጉልበቷ ላይ በጣቷ ያንን ፊት ደጋግማ ሣለችው። ስትሥለው ሁሌ ተኝቶ ስለሆነ ዓይኖቹን እያየች ሥላቸው አታውቅም፤ ከራሷ ነበር የፈጠረቻቸው። ዛሬ ኩሽና ውስጥ ስታያቸው ልክ እንደሣለቻቸው ነበሩ።

አየለ ሲመለስ አንገቱን አቀርቅሮ ነበር።

«አልቋል» አለ። «ቀድመው ልከውታል። እየታተመ ነው አሉኝ። ምን ይደረጋል?»

«ፖንቱ ላይ ይዘንባል?»

«እንደ ጉድ ነው እንጂ የሚጥለው።»

ሰገነት አየችው። ጠጉሩን፣ የኮቱን ትከሻ፣ የጫማውን አፍንጫ። ከዚያ የቢስክሌቱን ኮርቻ በመዳፏ ዳበሰችው።

«ደረቅ ነህ» አለች።

አየለ ቢስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ጆሮው ቀላ።

«ምክንያቱን ብትነግሪኝ እኮ …» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ብነግርህ አንተም ትሸከመዋለህ።»

የቀለሙን ጠርሙስና ብሩሿን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከትታ ወጣች። አልተከተላትም።

*

የጋዜጣው አዘጋጅ ሜቭራው ዴከር፣ ማለትም ወይዘሮ ዴከር፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ገጹ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ መብራቱ ሥር ነበር። አልተላከም።

«መከለያውን ልዝጋው?» አለች ሰገነት በሆላንድኛ። ከኮቷ የሚንጠባጠበው ውኃ ወለሉን አርሶታል።

ሜቭራው ዴከር ሥዕሉን አየች፣ ልጅቱን አየች። «ይሄ ፊት ባይኖር እኔ አልመርጠውም ነበር» አለች። «ሌላው ጥሩ ሥራ ነው፤ ይሄ ግን ሰው ነው። ከዘጋሽው ዳኞቹን እንደገና መጠየቅ አለብኝ። ከሄግ የመጣ አንድ ልጅ ሁለተኛ ነበር። ሽልማቱ ሊያልፍሽ ይችላል፤ ልዋሽሽ አልፈልግም።»

«ገባኝ።»

«የሚያስፈራሽ ነገር አለ?»

ሰገነት ጠርሙሱንና ብሩሹን ከኪሷ አወጣች። ሴትዮዋም ደግማ አልጠየቀችም፤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋችላት። «የማተሚያ ቤቱ መኪና እስኪመጣ ጊዜ አለሽ» ብላ ወደ ሌላው ክፍል ገባች።

ጠርሙሱን ከፈተች። ብሩሹን ነከረች። ለካ እጅም እምቢ ይላል። ጋሼ ገብረመድህን፣ መምህሩ፣ የብረቱን መከለያ ወደ ላይ ገፍቶ ከገጹ ውስጥ ቀና ብሎ ያያታል። አዲስ አበባ ያለችው ልጅ፣ ስሟን እንኳን ያልጠየቀቻት፣ ይሄን ፊት ብታየው ምን ትል ይሆን? አባቴ ነው ትላለች። ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ከጠባሳው ጀመረች። ጠባሳው ከተሸፈነ በኋላ የቀረው ቀለለ። የጆሮው ቆራጣ፣ አገጩ፣ ከንፈሩ። ዓይኖቹን መጨረሻ ላይ አስቀረቻቸው፤ ከዚያ እነሱም ከብረቱ ሥር ገቡ። ጥቁሩ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ባገኘችው ነጭ ቀለም፣ የመከለያውን ስንጥቆችና ብሎኖች በጥንቃቄ አሰመረች። ከሸፈነች አይቀር የተሸፈነ እንዳይመስል ማድረግ አለባት።

በሩ ተከፈተ። አየለ ነበር። ጠጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፤ ከእጅጌው ውኃ ይፈስሳል፤ ጫማው በእያንዳንዱ እርምጃ ጭቅ ጭቅ ይላል። አጠገቧ መጥቶ ገጹን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ዘጋሽው» አለ።

«ዘጋሁት።»

«ሮተርዳምም አብሮ ተዘጋ ማለት ነው።»

«ይሆናል።»

እጁን ሱሪው ላይ ለማድረቅ ሞከረ፤ ሱሪውም እርጥብ ነበር። ሰገነት ሻርፗን አቀበለችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አደረቀና ሥዕሉ አጠገብ ወዳለው የንግግር ክብ አመለከተ። እዚያ በራሱ የእጅ ጽሕፈት የመምህሩ ስም ተጽፎ ነበር።

«ይሄ እንዲሁ ሊቀር አይችልም» አለ። «ፊቱን ዘግቶ ስሙን የሚናገር ሰው ሞኝ ነው የሚመስለው።»

«እና ምን ይበል?»

«ምክንያቱን አሁንም አትነግሪኝም?»

«አልነግርህም።»

«እሺ» አለ አየለ። ነጩን ቀለም ስቦ ስሙን አጠፋ፤ እስኪደርቅ ድረስ ብዕሩን በጥርሱ ነክሶ ጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በትናንሽ ፊደላት ጻፈና ገጹን ወደ እሷ ገፋው።

«ስሜን እቤቴ ትቼዋለሁ» ይላል።

ሰገነት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ውጭ የመኪና ሞተር ቆመ፤ የማተሚያ ቤቱ ሰው ደረጃውን እየወጣ ነው። የቀለሙን ጠርሙስ ከደነች፣ ገጹን ጠርዝና ጠርዙን ይዛ አነሣችና ለሜቭራው ዴከር ልትሰጣት ወደ ሌላው ክፍል ሄደች።